«ደህና ነኝ» የሚሉን አባቶችና የአርባ ምንጭ ሙቀት

 

በረመዳን ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ሰሑር፣ ስለ ተራዊሕ፣ ስለ ዘካና ስለ ሰደቃ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሰው ቆዳ እናወራለን። ርእሱ ለዚህ ገጽ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በአርባ ምንጭና በጋሞ ቆላማ ቀበሌዎች ለሚፆሙ አረጋውያን ከዚህ የቀረበ ጉዳይ ማግኘት ይከብዳል። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ሙቀት ከሰውነቱ የሚወጣበት መንገድ ይጠባል። ይባስ ብሎ መንገዱ መጥበቡን የሚያስታውቀው ምልክትም አብሮ ይደክማል። አባታችን በቀትር «ደህና ነኝ» ሲሉን አይዋሹም፤ የገዛ ሰውነታቸው ያልነገራቸውን ግን እነርሱም ሊነግሩን አይችሉም። ስለዚህ ያንን ምልክት መተካት ያለብን እኛ ነን፤ የዛሬው ጽሑፍ ዋና መልእክትም ይኸው ነው።

ረመዳን በበጋው አናት ላይ

የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ አቆጣጠር በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን ወቅቶችን ሁሉ እየዞረ ይጎበኛል። በ2016 ዓ.ም. የገባው በመጋቢት መጀመሪያ ነበር፤ በ2017 ወደ የካቲት ማብቂያ፣ በ2018 ደግሞ ወደ የካቲት ሁለተኛ ሳምንት መጣ። የካቲትና መጋቢት ለአርባ ምንጭ ከዓመቱ ሁሉ የሚያቃጥሉ ወራት ናቸው። የበልጉ ዝናብ ገና አልጠናም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ፆሙ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ 13 ሰዓት ያህል ይቆያል። በእነዚህ ዓመታት የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾምም በአንድ ሰሞን ስለዋለ፣ ይህ ጉዳይ የሙስሊም ሽማግሌዎች ብቻ አይደለም።

የጋሞ ምድር አቀማመጥ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጋቢ ሳይደርቡ የማይወጣባት ደጋ ናት። አርባ ምንጭ በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ አባያንና ጫሞን ቁልቁል እያየች ተቀምጣለች። ሁለቱን የሚለያቸው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። ወደ ታች በወረድን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ከዶርዜ ወይም ከጨንቻ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲቀላ የወረዱ እናት በአንድ ሰዓት ጉዞ ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላ ይሻገራሉ። ሰውነት አዲስ ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ለዚህ ነው በቆላው ኖሮ ካረጀው ሰው ይልቅ ትናንት ከደጋ የወረደው የበለጠ ሊታሰብለት የሚገባው።

ቆዳ እንዴት ያቀዘቅዘናል

የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ልብ፣ ጉበትና ጡንቻ ሲሠሩ ያለማቋረጥ ሙቀት ያመነጫሉ፤ ያ ሙቀት መውጣት አለበት። ዋናው መውጫ ቆዳ ነው፤ ሙቀቱን ከውስጥ ተሸክሞ ቆዳ ድረስ የሚያመጣው ደግሞ ደም ነው።

በማይሞቅ በማይበርድ ቦታ አርፎ በተቀመጠ ሰው ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም በደቂቃ ግማሽ ሊትር እንኳን ላይሞላ ይችላል። ብርቱ ሙቀት ሲመጣ ግን አንጎል በነርቭ በኩል ትእዛዝ ይልካል፤ በቆዳ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይከፈታሉ። በጤነኛ ወጣት ይህ ፍሰት በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ልብ በእረፍት ጊዜ ለመላው አካል የሚረጨው ደም በደቂቃ 5 ሊትር ያህል መሆኑን ስናስብ፣ ሙቀት ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ እንረዳለን።

ይህን በጫኖና በላንቴ የሙዝ ማሳ በመስኖ የሚያጠጣ ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ማሳ በድንገት ብዙ ውሃ ሲያስፈልገው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ወንዙ ራሱ እንዲጨምር ነው፤ ሁለተኛው ሌሎቹ ማሳዎች ለጊዜው ቦያቸውን ዘግተው ተራቸውን እንዲለቁ ነው። በሰውነት ውስጥ ወንዙን የሚጨምረው ልብ ነው፤ ተራቸውን የሚለቁት አንጀት፣ ጉበትና ኩላሊት ናቸው። የቆዳው የደም ሥር ደግሞ የቦዩ በር ነው። በሩ በደንብ ካልተከፈተ ወንዙ ቢሞላም ማሳው አይጠጣም።

ደሙ ቆዳ ከደረሰ በኋላ ሙቀቱን የሚያነሣው በዋናነት ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ በቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከግንባር ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀ ላብ ግን አያቀዘቅዝም። በሐይቆቹ ዳር አየሩ እርጥበት ሲይዝ ሙቀቱ ከቴርሞሜትሩ ቁጥር በላይ የሚከብደን ላባችን በቶሎ ስለማይተን ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ምን ይለወጣል

በአሜሪካ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ላሪ ኬኒና ባልደረቦቹ ይህን ጥያቄ ለበርካታ አሥርት ዓመታት አጥንተዋል። ያገኙት ነገር በአጭሩ ሲነገር፣ በእኩል ሙቀት ውስጥ የአረጋዊ ቆዳ የሚያገኘው ደም ወጣቱ ከሚያገኘው ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል ያንሳል። ሰውየው ባይታመምም፣ መድኃኒት ባይወስድም እንዲሁ ነው።

ምክንያቱ በሩም ወንዙም መድከማቸው ነው። የቆዳ ደም ሥርን የሚከፍቱት ነርቮች መልእክታቸውን የሚያደርሱት በኬሚካሎች አማካይነት ነው፤ የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋንም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር እያመነጨ ሥሩን ያላላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከዚሁ ቡድን የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በእርጅና የነርቮቹ መልእክተኛ ኬሚካሎች ይዳከማሉ፤ ናይትሪክ ኦክሳይዱም ይቀንሳል። ትእዛዙ ከአንጎል ቢላክም በሩ ዘንድ ሲደርስ ድምፁ አንሶ ነው።

ወንዙን በሚመለከት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመውን ሌላ ጥናታቸውን እንመልከት። በሃያዎቹና በሰባ ዓመት ገደማ ያሉ ጤነኛ ወንዶች ሙቅ ውሃ የሚዘዋወርበት ልብስ ለብሰው እስከሚችሉት ድረስ እንዲሞቁ ተደረገ። በመጨረሻው ደረጃ ላይ የወጣቶቹ ልብ በደቂቃ 11 ሊትር ያህል ደም ሲረጭ የአረጋውያኑ ከ7 ሊትር ተኩል አላለፈም። ከአንጀትና ከኩላሊት ለቆዳ የሚለቀቀው ደምም በአረጋውያኑ ዘንድ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ያረጀ ልብ ጥቂት ደም ለማድረስ ከአቅሙ ጣሪያ ተጠግቶ ይሠራል። በሙቀት ማዕበል የሚሞቱ ብዙ አረጋውያን የሚሞቱት በልብና በደም ሥር ችግር የሆነውም ለዚህ ነው፤ ቤተሰቡ «ልቡ ቀጥ አለ» ይላል እንጂ ሙቀቱን አያነሣም።

ላብም እንደዚሁ ነው። የላብ ዕጢዎቹ ቁጥር ብዙም አይቀንስም፤ እያንዳንዱ ዕጢ የሚያወጣው ላብ ግን ያንሳል። «አባባ እንኳን አላባቸውም፣ ሙቀቱ አልነካቸውም» የምንለው አነጋገር ስለዚህ አደገኛ ነው። አለማላብ ሙቀት አለመኖሩን አያሳይም፤ ሙቀቱ መውጫ ማጣቱን ሊያሳይ ይችላል።

ይህ ለውጥ በሰባ ዓመት በድንገት አይመጣም። በካናዳ ኦታዋ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት፣ በሥራ ላይ ሳለ ሰውነት ሙቀት የማስወጣት ችሎታው ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ መቀነስ እንደሚጀምር አሳይቷል። እኔም በሃምሳዎቹ ውስጥ ስለምገኝ ይህ ነገር የሚመለከተው ሌላውን ብቻ ነው ማለት አልችልም። ደስ የሚለው ደግሞ በእግር የሚሄዱ፣ የሚሠሩ፣ ሰውነታቸውን የሚያንቀሳቅሱ አረጋውያን የቆዳ ደም ፍሰታቸው ከማይንቀሳቀሱት የተሻለ ሆኖ መገኘቱ ነው። በረመዳን ግን የእግር ጉዞው በጠዋቱ ቅዝቃዜ ወይም ከኢፍጣር በኋላ ይሁን።

ጥሙም ይደበቃል

እስካሁን ስለ ቆዳ ተናገርን። ለፆመኛ ከዚህ የማያንስ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ ኦክስፎርድ የተሠራና በዓለም በታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ነበር። ሰባት ጤነኛ ወጣቶችና ከ67 እስከ 75 ዓመት የሆኑ ሰባት ጤነኛ ወንዶች ለ24 ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ ቆዩ። ሁለቱም ወገኖች ውሃ አጡ። አረጋውያኑ ግን እንደ ወጣቶቹ አልጠማቸውም፤ አፋቸው መድረቁንም ያን ያህል አላስተዋሉም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። ውሃ ቀርቦላቸው እንደ ልባቸው ጠጡ ሲባሉ አረጋውያኑ የጠጡት ያጡትን የሚመልስ አልነበረም።

ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። አዛን ሲባል ሽማግሌው በተምር ያፈጥራሉ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣሉ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ረካሁ» ይላሉ። ጥማቸው ጠፍቷል፤ ሰውነታቸው ግን ገና ባዶ ነው። በዚያው ሁኔታ ተራዊሕ ይሰግዳሉ፣ ይተኛሉ፣ በሰሑር ትንሽ ቀምሰው ይውላሉ። በማግስቱ የሚጀምሩት ከትናንቱ ጎድለው ነው። እንዲህ እያለ ጉድለቱ ሲጠራቀም በሳምንት ውስጥ ደሙ ይወፍራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ለቆዳ የሚተርፈውም ደም የባሰ ያንሳል። ስለዚህ አረጋዊ የሚጠጣው በሰዓት እንጂ በጥም መሆን የለበትም።

ከባማኮ እስከ መካ

ይህ ሁሉ ከላቦራቶሪ የወጣ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ረመዳን ሊወጣ ሲቃረብ ማሊ ውስጥ በካይስ ከተማ ሙቀቱ 48.5 ዲግሪ ደረሰ። በባማኮ የሚገኘው የጋብርኤል ቱሬ ሆስፒታል በኤፕሪል የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ብቻ 102 ሞት መዘገበ፤ ባለፈው ዓመት በኤፕሪል ወር በሙሉ የተመዘገበው 130 ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት ሟቾች ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነበር። በዚያው ረመዳን ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ ነበር።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2015 በፓኪስታን ካራቺ የረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ከሙቀት ማዕበል ጋር ተገጣጠሙ፤ ከ1,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ አረጋውያንና ድሆች ነበሩ። በ2024 ሐጅ ላይ ደግሞ በመካ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ የሳዑዲ መንግሥት ከ1,300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ ከመካከላቸው አረጋውያንና ነባር ሕመም ያለባቸው ይገኙ ነበር፤ አብዛኞቹም መጠለያ ሳያገኙ ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ነበሩ።

አርባ ምንጭ ካይስም መካም አይደለችም፤ እንዲያ ያለ ሙቀት አይደርስባትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይ 15,000 ገደማ ሰው ሲያልቅ አብዛኞቹ ከ75 ዓመት በላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከዚያ የምንማረው አረጋዊን የሚጎዳው የሙቀቱ ቁጥር ብቻ አለመሆኑን ነው። «ዛሬ ጠጥተዋል? የት ተቀምጠዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማጣትም ይገድላል። እኛ አልሐምዱሊላህ ጎረቤትና ልጅ አላጣንም፤ የሚጎድለን ምን እንደምንጠይቅ ማወቅ ነው።

ሸሪዓው የዘጋው በር የለም

በመስጊድ ደጃፍ ከአረጋውያን ጋር ስንነጋገር ደጋግሞ የሚመጣ ቃል አለ፦ «ሙሉ ዕድሜዬን ፆሜ አሁን በመጨረሻዬ ልፍታ?» ይህ የኢማን ቃል ነው፤ ልብን ይነካል። ነገር ግን ዲኑ ራሱ የሰጠውን ማቅለያ አለመቀበል ከዲን አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ስለ ፆም በደነገገበት ስፍራ በሽተኛንና መንገደኛን በሌላ ቀን እንዲተኩ ፈቅዷል፤ እጅግ ለሚከብዳቸው ደግሞ ድሃ ማብላትን አስቀምጧል፤ ለባሮቹ ገርነትን እንጂ ችግርን እንደማይሻም በዚያው ተናግሯል። ሰሀባው ኢብኑ ዐባስ ይህ የማብላት ፈቃድ መፆም ለማይችሉ ሽማግሌና አሮጊት መሆኑን አስረድተዋል። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለዓመታት ያገለገሉት አነስ ኢብኑ ማሊክ በዕድሜያቸው መጨረሻ መፆም ሲያቅታቸው ፈትተው ድሃ ያበሉ ነበር። ከአነስ የሚበልጥ ፆመኛ ነኝ የሚል ማን ነው?

በሀዲስ እንደመጣው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሳሉ ሰዎች ተሰብስበው ለአንድ ሰው ጥላ ሲሠሩለት አዩ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ፆመኛ ነው ተባሉ። በዚያ ሁኔታ በጉዞ መፆም ከመልካም ሥራ እንዳልሆነ ነገሯቸው። በፀሐይ የወደቀውን ፆመኛ አላሞገሱትም፤ ይህን ልብ እንበል።

በተግባር ሦስት ዓይነት ሰው አለ። መፆም ፈጽሞ የማይችሉና ወደፊትም ይችላሉ ተብሎ የማይጠበቁ አረጋውያን ይፈታሉ፤ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ያበላሉ፤ ቀዳእ የለባቸውም። በዚህ ሙቀት ባይችሉም በቀዝቃዛው ወቅት የሚችሉት ደግሞ አሁን ፈትተው በኋላ ይተካሉ፤ አርባ ምንጭ ደመና በሚለብስባት በሐምሌና በነሐሴ መተካት ይችላሉ። የሚፆሙትም ቢሆኑ በቀኑ መካከል ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከደረሰባቸው መፍታት ይፈቀድላቸዋል ብቻ ሳይሆን ግዴታቸው ይሆናል። ሐኪም «አትፁም» ያለው ሰውም በራሱ ግምት ሊሽረው አይገባም።

በቤትና በመስጊድ ምን እናድርግ

ለሚፆሙት አባቶችና እናቶች የሚከተለውን እንያዝላቸው።

ውሃ፦ ከኢፍጣር እስከ መኝታ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ የሚያቀርብ አንድ የቤት ሰው ይመደብ፤ በሰሑርም እንዲሁ። ሾርባ፣ የአብሽ ውሃ፣ ማንጎና ሙዝ ያግዛሉ፤ ጨው የበዛበት ምግብ በሰሑር ይቅር። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን ምን ያህል መጠጣት እንዳለባቸው አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ቦታ፦ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መዋል እንደ ምድጃ ነው። ኮርኒስ የሌለው ጣሪያ የያዘውን ሙቀት ወደ ታች ይለቃል። ከዚያ ይልቅ ነፋስ ያለበት የማንጎ ወይም የዋርካ ጥላ ይሻላል። የጋሞ ሽማግሌዎች ለዕርቅና ለምክር የሚቀመጡበት ዱቡሻ ገላጣ ስፍራ ነው፤ ለቅሶም በድንኳን ጠርዝ በፀሐይ ያስቀምጣል። በዚህ ሰሞን ስብሰባውን ወደ ማለዳ ማምጣት ማንንም አይጎዳም።

የረጠበ ቆዳ፦ ያረጀ ሰውነት ያልሰጠውን ላብ ውሃ ሊተካው ይችላል። ፊትን፣ ክንድን፣ አንገትንና እግርን አርጥቦ ሳያደርቁ መተው፣ ወይም የረጠበ ነጠላ በትከሻ ላይ ማድረግ ሙቀቱን ያነሣል። ፆም ያፈርሳል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ አያፈርስም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፆመኛ ሳሉ ከሙቀት ወይም ከጥም የተነሣ በራሳቸው ላይ ውሃ ማፍሰሳቸው ተዘግቧል፤ ኢብኑ ዑመርም ፆመኛ ሆነው ልብስ አርጥበው በላያቸው ያደርጉ ነበር። ውሃው አይዋጥ እንጂ ማረጠቡ ሱና ያለው መፍትሔ ነው። ቬንቲሌተር ያላቸውም ቆዳቸውን አርጥበው ቢጠቀሙበት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት በ42 ዲግሪ ሙቀት እርጥበቱ ሲጨምር ቬንቲሌተር ብቻውን የአረጋውያንን የልብ ምትና የሰውነት ሙቀት እንዳባሰው አሳይቷል፤ በቂ ላብ ስለሌላቸው ነፋሱ የሚያተነው ነገር አላገኘምና።

መድኃኒት፦ ሽንት የሚያበዙና አንዳንድ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች የሰውነትን ውሃ ወይም የልብን ምት ይቀንሳሉ፤ ሙቀትን መቋቋምንም ያከብዳሉ። ማንም በራሱ አያቋርጥ፤ ሰዓቱና መጠኑ ለረመዳን እንዴት ይስተካከል ብሎ ጤና ጣቢያ ይጠይቅ። የስኳር ሕመምተኞችም እንዲሁ።

ሶላት፦ ሙቀት ሲበረታ ዙህርን ቀዝቀዝ እስኪል ማዘግየት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈ መመሪያ ነው። የመስጊድ ኮሚቴዎች በዚህ ወር ሊሠሩበት ይገባል። ተራዊሕ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ከኢፍጣር በኋላ ደም ወደ አንጀት ይሄዳል፣ በታጨቀው መስጊድ ሙቀት ወደ ቆዳም ይሄዳል፣ ለአንጎል የሚደርሰው ያንሳል። አረጋዊ ከሱጁድ በድንገት ሲነሡ የሚዞርባቸው በዚህ ምክንያት ነው። መስኮት አጠገብ፣ በሩ ዳር ቦታ ይያዝላቸው፤ ወንበር ይቅረብላቸው። ተቀምጦ መስገድ ለደከመ ሰው የተፈቀደ ነው።

አደጋው ሲታይ

ሽማግሌው ራሳቸው ላይናገሩ ስለሚችሉ እኛ የምናያቸው ምልክቶች አሉ። ሽንት መጥቆርና ማነስ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር መወላከፍ፣ ያለ ልማድ ዝም ማለት ወይም መነጫነጭ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በእነዚህ ጊዜ ፆሙ ይፈታ፣ ጥላ ይገባ፣ ውሃ ይጠጣ።

ሰውየው የሚናገሩትን ካጡ፣ የልጃቸውን ስም ከሳቱ፣ ቆዳቸው እሳት ከሆነ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ይህ ሙቀት አንጎላቸውን መምታቱ ሊሆን ይችላል፤ በየደቂቃው ሕይወት የሚቀንስ አደጋ ነው። መኪና እስኪመጣ አንጠብቅ። ልብሳቸውን አላልተን ብዙ ውሃ ቆዳቸው ላይ እናፍስስ፣ እናናፍ፣ የረጠበ ጨርቅ በአንገታቸው፣ በብብታቸውና በጉያቸው እናድርግ፤ እያቀዘቀዝን ወደ ጤና ተቋም እንውሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አይፈስም፤ ሊያንቀው ይችላልና።

አርባ ምንጭ የወባም አገር ናት። ሰውነቱ የጋለ ሰው ሲገኝ «ወባ ነው፣ ይተኛና ይለቀዋል» የማለት ልማድ አለን። ወባም ሊሆን ይችላል፤ የሙቀት ምትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በቤት አይለዩም፤ ሁለቱም ቶሎ ሐኪም ይሻሉ። እያቀዘቀዙ መሄድ ለሁለቱም አይጎዳም።

የሽማግሌ ቃልና የልጅ ቃል

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አገር ሁሉ ያየው ነገር ነው። ያን ቀን ልጆች የአባቶችን ቃል ሰምተው የሰው ነፍስ ዳነ። በዚህ ሙቀት ግን ተራው የአባቶች ነው። ልጅ ውሃ ይዞ ሲመጣ፣ «አባባ፣ እባክዎ ጥላ ይግቡ፤ እማማ፣ ይህችን ይጠጡልኝ፤ ዛሬ ይፍቱና እኔ ድሃ አበላለሁ» ሲል መስማት ክብርን አይቀንስም። ልጅም ይህን የሚለው በትእዛዝ ሳይሆን እጅ ነሥቶ፣ ደጋግሞ፣ ሳይሰለች ይሁን። ለወላጅ በጎ መዋል በረመዳን ምንዳው የሚበዛ ዒባዳ ነው።

ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በሰፈራችን ካሉ፣ ሙስሊም ይሁኑ ክርስቲያን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ደጃቸውን እናንኳኳ፦ በቀትር አንድ ጊዜ፣ ከመግሪብ በኋላ አንድ ጊዜ። «ደህና ነኝ» ሲሉን አመስግነን ውሃውን እናቅርብ።

አላህ ፆማችንን ይቀበለን፤ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በጤና ያቆይልን፤ ለምድራችን የበልጉን ዝናብ በበረከት ይስጠን። ረመዳን ከሪም!